የራስ እንስሳ ዓመት ሲመጣ፦ ከቀይ ካልሲ እስከ ዓመቱ መሰናበቻ ምን ይደረጋል?

በቻይናውያን የዘመን ቆጠራ የተወለዱበት እንስሳ ዞሮ ሲመጣ ዓመቱ የእርስዎ ነው። ይህ ግን የምሥራች አይደለም። በፈረስ ዓመት የተወለደ ሰው የፈረስ ዓመት ሲደርስ ይጠነቀቃል እንጂ አይፎክርም። ነገሩን ከላይ ከላይ የሰማ የውጭ ሰው “ዘንድሮ የእኔ ዓመት ነው” ብሎ ሎተሪ ሊገዛ ይችላል፤ እንደ እርሱ ፈረስ የሆነው ቻይናዊ ባልደረባው ግን ቀይ ካልሲውን አድርጎ፣ አዲስ ነገር ሳይጀምር፣ ማንንም ሳያስቀይም ዓመቱን ለማሳለፍ ይሞክራል። ቻይናውያን “በንሚንግ ኒየን” የሚሉት ይህ ዓመት በየ12 ዓመቱ ይመላለሳል፤ በ12፣ በ24፣ በ36፣ በ48፣ በ60 እና በ72 ዓመት ዕድሜ ላይ ማለት ነው። ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ አንድ ዓመት እንደሞላው የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ደግሞ በ13፣ በ25፣ በ37 እያሉ ይቀጥላሉ። ዓመቱ ያው ነው፤ የሚለየው የዕድሜ አቆጣጠሩ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጓንዦ ለሚነግድ፣ ቤጂንግ ለሚማር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከቻይናውያን ጋር ለሚሠራ ወይም ከቻይናዊ ቤተሰብ ጋር ለተጋባ ሰው እንዲጠቅም የተጻፈ ነው። ማመን አለማመን የእርስዎ ፈንታ ነው። የእኔን ሐሳብ ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ልማዱ በራሱ ርካሽ፣ ቤተሰባዊና ትሑት ነው። ውድና አስፈሪ የሚያደርጉት ከዓመቱ ላይ የሚያተርፉ ሰዎች ናቸው። ለምሳሌ የምወስደው እ.ኤ.አ. የ2026ቱን የፈረስ ዓመት ነው፤ ሌላ እንስሳ የሆነ ሰው በዚያው መንገድ የራሱን ያሰላል።

1. እንስሳዎን በትክክል ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል።

በመጀመሪያ የልደት ቀንዎን ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይቀይሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ከተወለዱ በዓመቱ ላይ 7 ይደምሩ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ከሆነ 8 ይደምሩ። ያገኙትን ዓመት ለ12 ያካፍሉና ቀሪውን ይመልከቱ። ቀሪው 0 ከሆነ ዝንጀሮ፣ 1 አውራ ዶሮ፣ 2 ውሻ፣ 3 አሳማ፣ 4 አይጥ፣ 5 በሬ፣ 6 ነብር፣ 7 ጥንቸል፣ 8 ዘንዶ፣ 9 እባብ፣ 10 ፈረስ፣ 11 በግ ነው። 1990 ለ12 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ ስለዚህ ፈረስ።

ነገር ግን የቻይናውያን ዓመት ጃንዋሪ 1 ላይ አይጀምርም። በጨረቃ ስለሚቆጠር ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ በየዓመቱ ሌላ ቀን ላይ ይውላል። በእኛ ሲታሰብ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። በዚህ መሠረት በጥምቀት ዕለት የተወለደ ሰው ሁልጊዜ ገና በአሮጌው እንስሳ ውስጥ ነው፤ በዓድዋ ድል መታሰቢያ ዕለት የተወለደ ደግሞ ምንጊዜም በአዲሱ። እናትዎ “ጥምቀት አልፎ፣ ዓድዋ ሳይደርስ ነው የወለድኩህ” ካሉ ቀኑን አጣርተው ካልሆነ በስተቀር እንስሳዎን አይናገሩ።

ለፈረሶች ሥራውን ላቃልል። በእኛ አቆጣጠር ፈረስ የሚባሉት በእነዚህ ቀኖች መካከል የተወለዱ ናቸው፦

ከጥር 26 ቀን 1946 እስከ ጥር 15 ቀን 1947
ከጥር 13 ቀን 1958 እስከ የካቲት 1 ቀን 1959
ከጥር 30 ቀን 1970 እስከ ጥር 19 ቀን 1971
ከጥር 19 ቀን 1982 እስከ የካቲት 7 ቀን 1983
ከየካቲት 5 ቀን 1994 እስከ ጥር 23 ቀን 1995
ከጥር 23 ቀን 2006 እስከ የካቲት 11 ቀን 2007

ጥር 12 ቀን 1982 የተወለደ ሰው እንግዲህ እባብ ነው፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ የተወለደው የጎረቤቱ ልጅ ፈረስ። አንድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በስደት ወረቀት ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላላቸው ወገኖች ብዙ ናቸው። ሐምሌ 1982 የተወለደ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ቢባል፣ በወረቀቱ እባብ በእውነቱ ፈረስ ይሆናል። የሚቆጠረው እውነተኛው ቀን ነው።

የልደትን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ይዘው የሚያሰሉ ቻይናውያን አዋቂዎች ደግሞ የጨረቃውን አዲስ ዓመት ትተው ፌብሩዋሪ 4 ቀን ገደማ የሚውለውን የጸደይ መግቢያ እንደ ወሰን ይይዛሉ። በሁለቱ ወሰኖች መካከል የተወለደ ሰው እንደጠየቀው ሰው ሁለት እንስሳ ሊኖረው ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ቤተሰቡ ወይም አካባቢው የሚጠቀምበትን ይዞ ይሂድ። ከሁለቱ የሚያስደስተውን መርጦ የሚይዝም አይጠፋም፤ አልፈርድበትም።

2. ዓመቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይጻፉ

የፈረሱ ዓመት ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2026 ይጀምርና ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2027 ያበቃል፤ በእኛ ከየካቲት 10 ቀን 2018 እስከ ጥር 28 ቀን 2019 መሆኑ ነው። በማግስቱ በጉ ይገባል። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው በእነዚህ ቀኖች መካከል ብቻ ስለሆነ ጃንዋሪ 2026 ላይ ለደረሰብዎ ነገር ፈረሱን አይውቀሱ።

3. የሚፈራው ማን እንደሆነ ይወቁ

የዓመቱ ፍርሃት ከእንስሳው አይመጣም፤ ታይ ሱይ ከሚባለው የዓመቱ ገዥ ነው። አመጣጡ ከሰማይ ነው። የጥንት ቻይናውያን ጁፒተር የምትባለው ፕላኔት ሰማይን በ12 ዓመት ገደማ እንደምትዞር አዩ፤ ትክክለኛው ቁጥር 11.86 ነው። ሰማዩን ለ12 ከፍለው በየዓመቱ የት እንዳለች ይመዘግቡ ጀመር። ነገር ግን ፕላኔቷ የምትሄደው እነርሱ ሰዓትንና አቅጣጫን ከሚቆጥሩበት ቅደም ተከተል በተቃራኒ ነበር። ለአቆጣጠር እንዲመች በእርሷ ትይዩ ወደ ሌላው ወገን የሚዞር፣ በዓይን የማይታይ ጓደኛ ፈጠሩላት። ታይ ሱይ ያ የሐሳብ ኮከብ ነው። ኋላ ላይ በቻይናውያኑ የታኦ እምነት ሰው መሰለ፤ 60 የጦር አለቆች ሆኖ ከ60ው ዓመት ዙር እያንዳንዱን ዓመት አንዱ ይገዛል ተባለ።

የዓመቱ እንስሳ ከእርስዎ ጋር አንድ ሲሆን እርስዎና ታይ ሱይ በአንድ ቦታ ተገናኛችሁ ማለት ነው። አለቃው ቢሮ ሲገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያገኘው ሠራተኛ ምን እንደሚሰማው ያስቡ፤ ጥፋት ባይኖርበትም ዓይን ውስጥ ገብቷል። ቻይናውያን “ታይ ሱይ ከራስ በላይ ሲቀመጥ ደስታ ከሌለ መከራ አይቀርም” ይላሉ። የዚህ አባባል ሁለተኛው ግማሽ ኋላ ስለ ሠርግ ስናነሣ ይጠቅመናል።

ይህን ፍርሃት የሚጠራጠር ዘመናዊ ሰው ብቻ አይምሰልዎ። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ዋንግ ቾንግ የተባለ ቻይናዊ ሊቅ የታይ ሱይን ነገር በጽሑፍ ተከራክሮበታል። ስለዚህ ባልደረባዎ “እኔ አላምንበትም” ቢልዎት ባህሉን ካደ አይበሉት፤ መጠራጠሩም የዚያው ባህል ነው። አላምንም ያለውም ሰው ቢሆን እናቱ የላከችለትን ቀይ ካልሲ አድርጎ ሊሆን ይችላል።

ታይ ሱይን የሚያስቀይመው የራስ ዓመት ብቻም አይደለም። በፈረስ ዓመት ትይዩው የሆነው አይጥ ከፈረስ ጋር ይጋጫል፤ በሬና ጥንቸልም በሌላ በኩል ይነካሉ። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ዓመት “ተነካሁ” ቢል አይደንቅም።

4. ቀይ ልብስ፦ ማን ይገዛል? መቼ ይለበሳል?

የዓመቱ ዋና መከላከያ ቀይ ቀለም ነው፤ የሚለበሰውም ለሰው እንዳይታይ ሆኖ ከውስጥ ነው። ከአዲሱ ዓመት በፊት ባሉት ሳምንታት የቻይና ሱቆች በቀይ ሣጥን ይጥለቀለቃሉ። በአንዱ ሣጥን ውስጥ የውስጥ ሱሪ፣ ካልሲና ቀበቶ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ካልሲውን ገልብጠው ቢያዩት ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በወርቃማ ክር “በረከት” የሚል ፊደል ተጠልፎበታል። ከእግሩ ሥር ደግሞ “ተንኮለኛን ርገጥ” የሚል ጽሑፍ አለ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ሆኖ የሚያማዎትን፣ ነገር የሚያመላልሰውን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ እየረገጡት ይሄዳሉ ማለት ነው። ከዚህ ልማድ ውስጥ እንደዚህ ካልሲ የወደድኩት ነገር የለም። የሚፈራው መብረቅና ጎርፍ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ሐሜት መሆኑን የካልሲው ሶል በግልጽ ይናገራል።

ደንቦቹ ጥቂት ናቸው።

ቀዩን ልብስ ለራስዎ ባይገዙ ይመረጣል። ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ገዝቶ ሲሰጥ ነው ይሠራል የሚባለው። የልማዱ ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከቤት ርቆ በሌላ ከተማ የሚሠራ የ36 ዓመት ሰው እናቱ ዓመቱን ቆጥራ እንዳልረሳችው የሚያውቀው ፖስታው ሲደርሰው ነው። ማንም የሚሰጥዎ ከሌለ ለራስዎ ይግዙ፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የሚለበሰው በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ ገላን ታጥቦ፣ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መልበስ ግዴታ አይደለም። ብዙዎች ለበዓሉ ቀኖች፣ ለፈተና፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለረጅም ጉዞና ለሐኪም ቀጠሮ ያቆዩታል።

አዲስ ቀይ ጥጥ ቀለም ይለቃል። ከመልበስዎ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ይጠቡት፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ከነጭ ልብስ ጋር አይቀላቅሉት። በዓመቱ መጀመሪያ የሚደርሰው አደጋ አብዛኛውን ጊዜ ሮዝ የሆነ ሸሚዝ ነው።

ካልሲ የማይመችው ሰው ቀይ ክር በእጁ ላይ ያስራል። ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ የሚል ደንብ ይነገራል፤ ሁሉም አይጠብቀውም። ክሩ ላይ ትንሽ የጄድ ድንጋይ ወይም የወርቅ ፍሬ የሚያስገቡ አሉ። ክሩ ያለ ድንጋዩም ይበቃል።

እርስዎ ኢትዮጵያዊ ሆነው ለቻይናዊ ባልደረባዎ ስጦታ መስጠት ካሰቡ ቀይ የውስጥ ልብስ አይስጡ፤ ያ የቤተሰብና የትዳር ጓደኛ ድርሻ ነው። ቀይ ክር ወይም ቀይ የቁልፍ ማንጠልጠያ ይበቃል። “ዘንድሮ ዓመትህ መሆኑን ሰምቻለሁ” ብሎ መስጠት ከዕቃው የበለጠ ይደነቅልዎታል።

5. ወዳጅ እንስሳ

አሥራ ሁለቱ እንስሳት በጥንድና በሦስት በሦስት ይወዳጃሉ። ጥንዶቹ አይጥና በሬ፣ ነብርና አሳማ፣ ጥንቸልና ውሻ፣ ዘንዶና አውራ ዶሮ፣ እባብና ዝንጀሮ፣ ፈረስና በግ ናቸው። የሦስቱ ጓዶች ደግሞ አይጥ፣ ዘንዶና ዝንጀሮ፤ በሬ፣ እባብና አውራ ዶሮ፤ ነብር፣ ፈረስና ውሻ፤ ጥንቸል፣ በግና አሳማ። በራሱ ዓመት ላይ ያለ ሰው የራሱን እንስሳ ምስል ከመያዝ ይልቅ የወዳጁን እንዲይዝ ይመከራል። ፈረስ የሆነ ሰው በግን፣ ወይም ነብርንና ውሻን ይይዛል። ከእንጨትም ከፕላስቲክም ቢሠራ ለውጥ የለውም፤ ከወርቅ ካልሆነ አይሠራም የሚልዎት ወርቅ ሻጩ ነው።

6. ቤተ መቅደስ መሄድና አለመሄድ

የሚያምኑት ሰዎች ታይ ሱይን “ለማስታረቅ” ወደ ታኦ ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ። በቤጂንግ ስሙ የገነነው የነጭ ደመና ገዳም ሲሆን 60ዎቹ የጦር አለቆች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ። ሰው የተወለደበትን ዓመት አለቃ ይፈልጋል፤ በዚያው የዘመኑን አለቃም ይጎበኛል። ብዙ ሕዝብ የሚመጣው የጨረቃው የመጀመሪያ ወር በገባ በ8ኛው ቀን ነው፤ ለፈረሱ ዓመት ይህ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2026 ነው። በሆንግ ኮንግ ወንግ ታይ ሲን ቤተ መቅደስ ለታይ ሱይ የተለየ አዳራሽ አለው፤ ከመሬት በታች የተሠራ ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በታይዋን አሠራሩ የጽሕፈት ቤት ያህል የተቀናጀ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጡት አገልጋዮች ስምዎን፣ በጨረቃ አቆጣጠር የተወለዱበትን ቀንና አድራሻዎን ይሰጣሉ፤ ጥቂት መቶ የታይዋን ዶላር ይከፍላሉ፤ ስምዎ ይመዘገብና ዓመቱን ሙሉ ይጸለይልዎታል፣ ወይም ትንሽ መብራት ይበራልዎታል። የእኛ ኮከብ ቆጣሪ የእርስዎንና የእናትዎን ስም ጠይቆ ፊደል ይቆጥራል፤ እዚህ ስሙ የሚያስፈልገው ለመዝገቡ ነው፤ ዕጣውን የሚወስነው ቀኑ ነው።

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም አንባቢ እዚህ ላይ ልዩነቱን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ቀይ ካልሲ ልማድ ነው፤ በአለቃው ሐውልት ፊት ዕጣን ማጨስና መስገድ ግን አምልኮ ነው። ባልደረባዎ ወይም አማትዎ ወደ ቤተ መቅደስ ቢጋብዙዎ አብረው ሄደው ከዳር መቆም ይችላሉ፤ ዕጣን አልይዝም ቢሉ የሚቀየም ብዙ የለም። ዝም ብለው ከመጥፋት “ሃይማኖቴ አይፈቅድም” ማለት ይሻላል።

የሄዱ ሰዎች ግን አንድ ነገር አይርሱ። በዓመቱ መጀመሪያ የለመነ በጨረቃው የመጨረሻ ወር ተመልሶ ማመስገን አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ጉዞ ይረሳል፤ ሽማግሌዎችም የሚያጉረመርሙት በዚህ ነው።

7. ሥራ፣ ሠርግ፣ ቤት፣ ገንዘብ

አጠቃላዩ ምክር “ረጋ ይበሉ” የሚል ነው። ሥራን በንዴት መልቀቅ፣ በብድር ንግድ መጀመር፣ ያልገባዎትን አክሲዮን መግዛት አይመከርም። ቻይናውያን አማካሪዎች አዘውትረው ከሚከለክሉት አንዱ ለሰው ዋስ መሆን ነው። ይህን ምክር ለ12ቱም ዓመታት ብንይዘው የሚከፋን አይመስለኝም። ቢሆንም የተሻለ ሥራ በእጅዎ ከገባና ውሉን አንብበው ከወደዱት፣ በፈረስ ምክንያት አይመልሱት።

ስለ ሠርግ ቤተሰቦች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ በዚህ ዓመት ጨርሶ አይድሩም። ሌሎቹ ያንኑ አባባል ይዘው “ደስታ ከሌለ መከራ አይቀርም ከተባለ፣ እንግዲያው ደስታውን እናምጣው” ይላሉ፤ አንድ ደስታ ሦስት መከራ ይመልሳል የሚል አባባልም አላቸው። ሠርግ፣ ልጅ፣ አዲስ ቤት ሁሉም ደስታ ተብሎ ይቆጠራል። እንግዲህ ቻይናዊት ልታገቡ ያሰባችሁና እርስዋ ወይም እርስዎ 24 ወይም 36 ዓመት ላይ ከሆናችሁ፣ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት የእናቷን ሐሳብ ጠይቁ። በሁለቱም ወገን ማስረጃ አለ፤ ውሳኔው የእርሳቸው ነው።

ቤት ለሚሠራና ለሚያድስ ሰው ደግሞ የአቅጣጫ ነገር አለ። “በታይ ሱይ ራስ ላይ አፈር መቆፈር” ማለት ኃይለኛን ሰው መተናኮል ነው፤ አባባሉ የመጣው በዓመቱ ገዥ አቅጣጫ መሠረት አይቆፈርም ከሚለው ልማድ ነው። በፈረስ ዓመት ታይ ሱይ በደቡብ ነው፤ ትይዩው ሰሜንም አይነካም። ከቻይናዊ ባለቤት ቤት ተከራይተው በደቡብ በኩል ያለውን ግድግዳ ለመብሳት ካሰቡ አስቀድመው ይጠይቁ። የማይቀር ጥገና ከሆነ ከሌላ አቅጣጫ ተጀምሮ ወደዚያ ይኬዳል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በሆንግ ኮንግ፣ በማሌዥያና በሲንጋፖር ያሉ አዋቂዎች ታይ ሱይን ላስቀየመ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያዛሉ፦ ደም መለገስና ጥርስን በሐኪም ማስጠረግ። አስተሳሰቡ ቀላል ነው። ዓመቱ ደም የሚያፈስ አደጋ ይዞ ከመጣ፣ ትንሽ ደም በፈቃድዎ ሰጥተው ዕዳውን አስቀድመው ይክፈሉ። አመክንዮውን የማይቀበል ሰው እንኳ ውጤቱን አይጠላውም፤ ደሙ ለታማሚ ይደርሳል፣ ጥርስም ይጸዳል። እኔ ብጠየቅ ከካልሲው ቀጥሎ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማስቀድመው ይህን ነው። በ48 እና በ60 ዓመት ላይ ያለ ሰው ደግሞ የደም ግፊቱንና የስኳር መጠኑን የሚለካበት ሰበብ ካስፈለገው ዓመቱ ራሱ ሰበብ ይሁነው።

ለቅሶ ቤት፣ ሆስፒታልና መቃብር መሄድ ይቀንስ የሚሉም አሉ። ይህ ግን ከእኛ ማኅበራዊ ኑሮ ጋር አይገጥምም። ለቅሶ የቀረ ሰው በታይ ሱይ ሳይሆን በዕድርተኞቹ ይቀጣል።

8. ሻጮችን ይለዩ

የዚህ ዓመት እውነተኛው አደጋ ብዙ ጊዜ ኪስ ላይ ነው። አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። አንድ “መምህር” በቀጥታ ሥርጭት ወይም በአካል የልደት ቀንዎን ይጠይቃል፤ ፊቱን ያኮሳትራል፤ “ዘንድሮ ከባድ ነው፣ በተለይ በ7ኛው ወር” ይላል፤ ከዚያ የተባረከ አምባር፣ የተጻፈ ክታብ ወይም “ለእርስዎ ብቻ” የሚደረግ ሥነ ሥርዓት ያወጣል። ዋጋው ፍርሃቱ ከተነገረ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ተነሥተው ይሂዱ። ለመክፈል መበደር ካስፈለገዎ የዓመቱ መከራ ደርሶብዎታል ማለት ነው፤ ፈረሱን መጠበቅ አያሻም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ዋጋ የሚለጠፈው በግልጽ ነው፤ የካልሲውም ዋጋ ሣጥኑ ላይ አለ።

9. ሲፈሩ ወደ ጃፓን ይመልከቱ

ዓመቱ የግድ ክፉ ነው የሚልዎት ካለ ባሕሩን ይሻገሩ። ጃፓኖች እንስሳቱን የወሰዱት ከቻይና ነው፤ የራሱ እንስሳ ዓመት የደረሰበትን ሰው ግን “የዓመቱ ወንድ” ወይም “የዓመቷ ሴት” ብለው ያከብሩታል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን ገደማ በሚከበረው የሰትሱቡን በዓል በየቤተ መቅደሱ ቆሞ የተቆላ አኩሪ አተር ለሕዝቡ እንዲበትን የሚመረጠው እርሱ ነው፤ “ሰይጣን ውጣ፣ በረከት ግባ” እየተባለ። አንዱ አገር ከውስጥ ቀይ አልብሶ የሚደብቀውን ሰው ሌላው መድረክ ላይ ያወጣዋል።

ጃፓኖችም ቢሆኑ የራሳቸው ፍርሃት አላቸው፤ ያውም በፈረስ ላይ። በ60 ዓመት አንዴ የሚመጣው “የእሳት ፈረስ” ዓመት የምትወለድ ሴት ባሏን ታጠፋለች የሚል አጉል እምነት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የእሳት ፈረስ ሲመጣ የአገሪቱ ልደት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1.82 ሚሊዮን ወደ 1.36 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ፤ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ጨመረ። ማንም ባል አልተጠፋም፤ ያልተወለዱት ልጆች ግን በሕዝብ ቆጠራው ሥዕል ላይ እስከ ዛሬ እንደ ጎደለ ጥርስ ይታያሉ። 2026 ደግሞ ያው የእሳት ፈረስ ነው። በ1966 የተወለዱት ሰዎች 60 ዓመት ሞልቷቸው ሙሉውን ዙር ዞረዋል፤ በጃፓን እንደዚህ ያለ ሰው ቀይ ቆብና ቀይ ሰደርያ ለብሶ በልጅ በልጅ ልጅ ተከቦ ይከበራል፤ በኮሪያም 60ኛው ዓመት በልማዱ ትልቅ ድግስ ነበር።

10. ዓመቱን መዝጋት

በመጨረሻው ወር ሦስት ነገር ይሠራል። በቤተ መቅደስ የተመዘገበ ሰው ሄዶ ያመሰግናል። ዓመቱን ሙሉ የታሰረ ቀይ ክር በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ይፈታል፤ አንዳንዱ ያቃጥለዋል፣ አንዳንዱ በወረቀት ጠቅልሎ ይጥለዋል፣ ከመካከል ተበጥሶ የወደቀበት ሰው ደግሞ “መከራዬን ይዞ ሄደ” ብሎ አዲስ ያስራል እንጂ አይደነግጥም። የተበደሩትን መመለስና ያስቀየሙትን መጠየቅም የዚህ ወር ሥራ ነው፤ ይህኛው ለእያንዳንዱ ዓመት መዝጊያ የሚደረግ ቢሆንም በዚህ ዓመት ሰው ይበልጥ ያስታውሰዋል።

ፈረሱ ጥር 28 ቀን 2019 ማታ ሲወጣ ጥር 29 ጠዋት በጎች ተራቸውን ይጀምራሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 8 ቀን 1983 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ጥር መገባደጃ የተወለዱት 36ኛ ዓመታቸው ላይ ናቸው። በቤትዎ እንደዚህ ያለ ሰው ካለ ካልሲውን ቀደም ብለው ይግዙለት፤ በበዓሉ ሳምንት የእግር ልኩ አልቆ ይገኛል።